ገመድ ሻጮች፣ እባካችሁ ገዢውን ጠይቁት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

አራት ኪሎ አካባቢ ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። ብዙ ሰው ሪሲቨሩ ተበላሸ ብሎ ተሸክሞ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የገመድ ነው። ባለ ሦስት ቀለሙ የኤቪ ገመድ ላይ ቢጫው ምስል፣ ነጩ የግራ ድምፅ፣ ቀዩ የቀኝ ድምፅ ነው። ኤችዲኤምአይ የሚባለው ግን ምስሉንም ድምፁንም በአንድ ገመድ ያስተላልፋል።

የሚያናድደኝ አንዱን መሰኪያ ከሌላው ጋር የምታገናኘው የመቀየሪያዋ ነገር ነው። ከኤቪ ወደ ኤችዲኤምአይ የምትቀይረው በተቃራኒው አትሠራም። የሁለቱ ዓይነት መቀየሪያዎች መልክ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ የሚለያቸው ላያቸው ላይ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው። በቅርቡ አንዲት እናት ለአሮጌ ቴሌቪዥናቸው የገዟት የተገላቢጦሿ ሆና ተገኘች። ሻጩም አልቀይርም አላቸው። ጡረተኛ ናቸው እኮ!

ሻጮች፣ ገንዘብ ከመቀበላችሁ በፊት «ቴሌቪዥንዎ ምን ዓይነት መሰኪያ አለው?» በሉ። ገዢዎችም የቴሌቪዥናችሁን ጀርባ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ።

የቴሌቪዥን ጠጋኝ፣ ከአራት ኪሎ