ወደ ኔትወርክ ድራይቭ ስትገለብጡ «ፈቃድ የለዎትም» ካላችሁ

ሰላም የጎንደር ኮምፒውተር ጠጋኞች፣ ማራኪም አዘዞም ያላችሁ፤

ኔትወርክ ድራይቭ ማለት በሌላ ኮምፒውተር ላይ ያለ የጋራ ፎልደር ነው። የዊንዶውስ የጋራ ፎልደር ሁለት በር አለው፤ «ሼሪንግ» (በኔትወርክ ለሚመጣ ሰው የሚሰጥ ፈቃድ) እና «ሴኩሪቲ» (በፎልደሩ በራሱ ላይ ያለ ፈቃድ)። ሁለቱም መፍቀድ አለባቸው፣ ጠበቅ ያለው ያሸንፋል። ሴኩሪቲው ሙሉ ፈቃድ ሰጥቶ ሼሪንጉ «ሪድ» (ማንበብ) ብቻ ከሆነ፣ ፋይል መውሰድ ይቻላል፣ ማስገባት ግን አይቻልም። ብዙ ሰው የሚደክመው እዚህ ላይ ነው። ሼሪንጉን «ቼንጅ»፣ ሴኩሪቲውን «ሞዲፋይ» አድርጉ። «ኤቭሪዋን»ን (ማንኛውንም ሰው) በሙሉ ፈቃድ መልቀቅ ግን፣ አደራ፣ ይቅር።

ተጠቃሚውን ፈቃድ ወዳለው ግሩፕ (የተጠቃሚዎች ቡድን) ገና ከጨመራችሁት፣ ሎግ ኦፍ ብሎ ተመልሶ እስኪገባ ፈቃዱ አይደርሰውም።

አሁንም እምቢ ካለ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍታችሁ «ኔት ዩዝ» (net use) ብላችሁ ጻፉ፤ የተገናኙትን ድራይቮች ይዘረዝራል። ድራይቩ በሌላ ሰው ስም ተገናኝቶ ከሆነ አቋርጡትና በትክክለኛው ስም ግቡ፤ ዊንዶውስ ለአንድ ሰርቨር ሁለት ስም አንድ ላይ አይቀበልም።