ድሪውን ገና እንዳትሰጪ

አስኩዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ቤተሰቡስ? ሁለት ፋሲካ አለፈ፤ አንድ መስመር እንኳ አልጻፍኩልሽም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቁጣሽን በአካል ስንገናኝ አወራርጂው። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ወሬ ነው። የእማማን ድሪ ለአንጥረኛ ልትሰጪ ነው አሉኝ፤ ሊያጥበው፣ ሊያብረቀርቀው፣ የተበጠሰውንም ሊበይደው። ይህን ሳታነቢ ከሣጥኑ እንዳታወጪው!

ጥቁረቱ ቆሻሻ አይደለም። ብር ድኝ ሲነካው የሚያበጀው ስስ ሽፋን ነው። ድኝ ደግሞ በኩበት ጭስ ውስጥ አለ፤ በእንቁላል፣ በላስቲክ፣ በበግ ሱፍም አለ። አንቺ እኮ ድሪውን ከዚያው ሱፍ በተሠራ ባና ጠቅልለሽ ነው የምታስቀምጪው! ባናው ለመንዝ ብርድ እንጂ ለብር አይሆንም። ነገ ብታስወለውይው ከዚያው መልሰሽ ስታወጪው ጠቁሮ ታገኚዋለሽ። በታጠበ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልይው፤ ያረጀ ነጠላ ይበቃል።

የአንጥረኛው የሚሽከረከር ብሩሽ የሚያነሳው ጥቁሩን ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ያለውን ብርም ይልጣል። ከድሪው የሚንጠለጠለውን ጠልሰም መስኮት ዳር ይዘሽ ተመልከቺው። ጠርዙን የከበቡት ጤፍ የሚያካክሉ እንክብሎች አንድ በአንድ የተበየዱ ናቸው። አናታቸው በልብስና በደረት ተሽቶ ነጥቷል፤ ሥራቸው ጠቁሯል። ያ ነጭና ጥቁር ነው ቅርጹን ከሩቅ የሚያሳየው። ሁሉም እኩል ሲያበራ ቅርጹ ይጠፋል፤ ድሪው የቆርቆሮ ክዳን ይመስላል። አዲስ እንዲመስል ከሆነ የፈለግሽው፣ አዲስ ግዢ። (ተቆጣሽ? ደግ!)

ማጠቡን ራስሽ ትችይዋለሽ። መጀመሪያ እንዳለ ዘርግተሽ ፎቶ አንሺው፤ የዶቃው ተራ ከጠፋ ማንም አይመልሰውም። ከዚያ ክሩን ቆርጠሽ ዶቃዎቹን በተራቸው በእንቁላል ካርቶን ጉድጓዶች ውስጥ አስቀምጪ። ውስጡ ባዶ ያልሆነውን ብር ለብ ባለ ውኃና በአንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና፣ በሕፃን የጥርስ ብሩሽ ሁለት ደቂቃ አሺው፣ አለቅልቂው፣ አድርቂው። የጥርስ ሳሙና ፈጽሞ አይንካው፤ ውስጡ ያለው ደቃቅ ዱቄት ብር ይጭራል። ቱቦ መሳዩን የክታብ መያዣ ውኃ ውስጥ አትንከሪው፤ ውስጡ ብራና ወይም ወረቀት ሊኖር ይችላል። በጨርቅ ብቻ ጥረጊው። ክዳኑ እምቢ ካለም አትታገይው።

አሉሚኒየም ፎይል፣ ቤኪንግ ሶዳና ሙቅ ውኃ እንደሚሉት ያነጻል፤ ውሸት አይደለም። ለአንድ ሊትር ሙቅ ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶዳ፤ ብሩ ፎይሉን መንካት አለበት፤ የበሰበሰ እንቁላል ሲሸትሽ ድኙ እየለቀቀ ነው ማለት ነው። ችግሩ ጉድጓድ ውስጥ ያለውንም ጥቁር መጥረጉ ነው። ለሹካና ማንኪያ ይሁን፤ ለጠልሰምና ወርቅ ለተቀባ ነገር ግን አይሆንም።

ድሪው ላይ ያሉትን ጠገራ ብሮችስ? «1780 ስለሚል ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የእኛ ነው» ትይ ነበር፤ ያኔ ፊትሽ ላለመሳቅ ዝም አልኩ፤ አሁን ልናዘዝ። ንግሥቲቱ ማሪያ ትሬዛ በዚያ ዓመት ስለሞተች ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ቁጥር ይዞ ነው የወጣው፤ ቪየና ብቻ ሳይሆን ከ1935 ጀምሮ (በፈረንጆቹ) ሮምም መትታዋለች። ስለዚህ ቁጥሩ ዕድሜውን አይነግርሽም። እውነተኛነቱን ግን ማወቅ ትችያለሽ። ጠርዙ ላይ ከፍ ብለው የወጡ የላቲን ፊደላት መኖር አለባቸው፤ በቅርጽ አፍስሰው የሠሩት አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ይደበዝዛል። ክብደቱ 28.07 ግራም ነው፤ ከዚያ ውስጥ 23.39ኙ ንጹሕ ብር፣ ቀሪው መዳብ። ያረጀ ከሆነ ትንሽ ይቀንሳል፤ ማንጠልጠያ ከተበየደበት ደግሞ ይጨምራል።

ከዚያ ወዲያ የውኃው ፈተና አለ። የግራምን መቶኛ የሚያነብ ሚዛን ላይ ውኃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጪና ቁጥሩን ወደ ዜሮ መልሺው። ብሩን በቀጭን ክር አንጠልጥለሽ ሙሉ በሙሉ አስጥሚው፤ ሥሩንም ጎኑንም እንዳይነካ። 2.75 አካባቢ ካነበበ ደህና ነው። 3.2 ካለ ብር የሌለበት የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅልቅል ሊሆን ይችላል። አረፋ ከተለጠፈበት ንባቡ ስለሚያታልል በጣትሽ አራግፊው።

ክሩ ሲቀየር ናይለን አትጠቀሚ፤ ቋጠሮው ይንሸራተታል። ድርብ የጥጥ ክር ወስደሽ በጧፍ ሰም አሺው፤ የብሩ ዶቃ ቀዳዳ ጠርዙ ስለት ስለሆነ ሰሙ ክሩን ያተርፍልሻል። በየዶቃው መካከል አንድ ቋጠሮ አድርጊ፤ ሲበጠስ አንዷ ብቻ ትወድቃለች። በጣም አታጥብቂው፤ ድሪው እንደ ዱላ ቀጥ ይላል።

አሁን ደግሞ... እንዴት ብዬ ልበለው? የመጣሁት ለድሪው ብቻ አይደለም። ሳትቆርጪው በፊት የጠልሰሙን ቅርጽ እንድገለብጥ ፍቀጂልኝ። ስስ ወረቀት ላዩ ላይ ይደረግና ለስላሳ እርሳስ አጋድመሽ ቀስ ብለሽ ታሺዋለሽ፤ እንክብሉም የሽቦው ጥምዝም ወረቀቱ ላይ ይወጣል፤ ብሩ አይጎዳም። ከአንኮበር በታች ዓሊዩ አምባ ገበያ የሐረር ነጋዴዎች የሚደርሱበት ስለነበረ፣ ጥምዙ ከየት መጣ የሚለውን ከሌሎች ቅርጾች ጋር አስተያይቼ ልሣለው እፈልጋለሁ። ያለ ፈቃድሽ ለማንም አላሳይም። እምቢ ካልሽም አልቀየምም... ትንሽ ብቻ።

ስለ ብየዳው አንድ ነገር ቀርቶኛል። የተበጠሰው ማንጠልጠያ ላይ ግራጫ፣ ደብዛዛ፣ በመርፌ ሲነኩት የሚጫር ነገር ካየሽ ስታኞ ነው፣ የእርሳስና የቆርቆሮ መበየጃ፤ ቀደም ብሎ ሌላ ሰው ጠግኖታል ማለት ነው። ስታኞ ያለበት ብር ለብር ብየዳ በሚያስፈልገው እሳት ሲሞቅ፣ እርሳሱና ቆርቆሮው ብሩን ይበሉታል፤ ጉድጓድ በጉድጓድ ይሆናል። አንጥረኛው በፊት ፍቆ ማውጣት አለበት፤ ሳታሳይው እንዳይለኩስ። ፎቶውን ላኪልኝ፤ ከኋላ በኩልም አንሺው።

ያንቺው፣
ጥጋቢት ጓደኛሽ