ለደብረ ብርሃኑ ወዳጄ፦ ስለ ሮኬታችን

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወዳጄ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ እንደምን ናቸው? እኔና ቤተሰቤ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን።

የመጨረሻው ደብዳቤህ የደረሰኝ በጥር 2012 ዓ.ም. ነበር። አገራችን የመጀመሪያዋን ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን ከቻይናው የታይዩአን ማስወንጨፊያ ባስወነጨፈች ማግስት፣ ተማሪዎችህ በጥያቄ እንዳጣደፉህና ጥቁር ሰሌዳ ላይ ከመሣል በቀር በእጃቸው የሚያስነካቸው ነገር እንዳጣህ ጽፈህልኝ ነበር። «አንተ በዚያ በኩል አንድ መላ ካገኘህ ላክልኝ» ያልከውን አልረሳሁትም። መልስ ሳይኖረኝ መጻፍ ከበደኝና ዛሬ ነገ ስል አምስት ዓመት አለፈ። ዝምታዬ ቅር እንዳሰኘህ አውቃለሁ፤ ይቅርታህን እለምናለሁ። አሁን ግን የምልክልህ ነገር አግኝቻለሁ፣ ደብዳቤዬም ከዳር እስከ ዳር ስለ እርሱ ነው።

ባለፈው ክረምት ትልቋ ልጄ አሥራ ሁለት ዓመት ሞላት፤ እርሷም እንደ ተማሪዎችህ ሮኬት ወደ ላይ ሲሄድ ለምን እንደማይገለበጥ ጠየቀችኝ። መገጣጠሚያው ሁሉ ተሟልቶ የሚሸጥ አለ፤ ገዝቼ ብሰጣት በአንድ ቅዳሜ ያልቅ ነበር። እኔ ግን ያንተን ደብዳቤ አስቤ፣ ከቤት ውስጥ ትርፍራፊ ዕቃ እንሥራው አልኳት። አካሉን የስጦታ ወረቀት ተጠቅልሎበት ከነበረ የካርቶን ቱቦ ቆረጥነው፤ ውፍረቱ 4.2፣ ርዝመቱ 46 ሳንቲ ሜትር ነው። አፍንጫውን ከቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም ቀርጸን፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን፣ በቀጭን ወረቀትና በኮላ ሸፈንነው። እዚህ ላይ አንድ ሙሉ ምሽት ወሰደብን፤ የአፍንጫው አንገት ሮኬቱን ሲዘቀዝቁት የማይወድቅ፣ በሁለት ጣት ሲስቡት ደግሞ ያለ ግብግብ የሚወጣ መሆን አለበት። ጠብቆ ከያዘ ፓራሹቱ አይወጣም፣ ከላላ ደግሞ ገና ሽቅብ ሲወጣ ይወልቃል። ልጄ አንገቱን አንድ ዙር ስኮች እያለበሰች ስትሞክር፣ እየላጠች እንደገና ስትሞክር፣ ልኩን በጣቷ እስክታውቀው ድረስ አልተወችውም።

ፓራሹቱን ከፌስታል ቆረጥን፣ ወርዱ 45 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ስምንቱን ክር ባለቤቴ ሰፋችልን። ፓራሹቱንና አፍንጫውን ከአካሉ ጋር የሚያያይዘው ከአሮጌ ቀሚስ ወገብ የወጣ ላስቲክ ነው። ክንፎቹ የመንደሪን ሣጥን ከሆነው ስስ ጣውላ የተቆረጡ ሲሆኑ፣ የእንጨቱ ጭረት ከአካሉ ወደ ውጭ እንዲሄድ ተጠንቅቀናል፤ ጭረቱ ከአካሉ ጋር ጎን ለጎን ከሄደ ክንፉ በመጀመሪያው ግፊት ከሥሩ ይሰነጠቃል። ሮኬቱ መሬት እስኪለቅ የሚመራበት 90 ሳንቲ ሜትር የብረት ዘንግ አቆምን፣ በሮኬቱ ጎንም ዘንጉ የሚያልፍበት የለስላሳ መጠጫ ስትሮ ቆርጠን ለጠፍን። ከዘንጉ ሥር እሳቱን የሚመክተው ምን እንደሆነ ልንገርህ፦ ከአገር ቤት ተሸክመነው ስንመጣ መንገድ ላይ የተሰበረብን የሸክላ ምጣድ ስባሪ ነው። ባለቤቴ መጣል አልሆነላት ብሎ ስታስቀምጠው ኖራ፣ ይኸው ሥራ አገኘ።

ሞተሩን ግን አልሠራነውም፤ ይህን ነገር ለተማሪዎችህ አጥብቀህ እንድትነግርልኝ እፈልጋለሁ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ወጣቶች ነዳጁን ራሳቸው እየቀመሙ ብዙዎች ጣታቸውን፣ አንዳንዶችም ሕይወታቸውን አጥተዋል። በ1954 እ.ኤ.አ. ኦርቪል ካርላይል የተባለ የኔብራስካ ጫማ ነጋዴ በፋብሪካ መመረት የሚችል ትንሽ ሞተር ሠራ፤ ከዚያ ወዲህ የዚህ ሥራ የመጀመሪያ ሕግ ሞተሩን ገዝቶ ሌላውን ሁሉ በእጅ መሥራት ነው። እኛ የተጠቀምንበት ሲ6-5 የሚባለው ነው። ሲ የሚለው ፊደል ጠቅላላ ግፊቱ፣ ማለትም ገፊ ኃይሉ በሚገፋበት ጊዜ ተባዝቶ፣ ከ10 ኒውተን ሴኮንድ እንደማይበልጥ፣ 6 አማካይ ገፊ ኃይሉ 6 ኒውተን ገደማ መሆኑን፣ 5 ደግሞ ነዳጁ ካለቀ በኋላ ፓራሹቱን የሚያስወጣው ባሩድ እስኪፈነዳ የሚቆየውን ሴኮንድ ይነግራል። ቁመቱ 7 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ የወረቀት ቱቦ ነው፤ እሳቱ የሚወጣበት ቀዳዳ የተሠራውም ከሸክላ ነው። ልጄ ሞተሩን በአንድ እጇ፣ የምጣዱን ስባሪ በሌላው ይዛ ደጋግማ ስታስተያያቸው አይቻለሁ።

ማቀጣጠያውን ከተጣለ የበር ደወል ከነቀልነው መጫኛ፣ ከአራት የእጅ ባትሪ ድንጋዮችና ከስፒከር ሽቦ አበጀነው። ሽቦው ከ5 ሜትር በላይ ነው፣ ሮኬቷ ስትነሣ ከዚያ ቀርቦ መቆም ክልክል ነውና። መስመሩ ላይ የሚሰካ የሚነቀል መዝጊያ አለ፤ እኔ ጎንበስ ብዬ ሽቦውን ከሞተሩ ጋር ሳገናኝ መዝጊያው አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል። እርሱ ካልተሰካ ደወሉን ማንም ቢጫን ምንም አይሆንም።

የመጀመሪያው ሙከራ በሚያዝያ ነበር። ሮኬቷ ከዘንጉ ወጣች፣ የቤት ጣሪያ ከፍታ ላይ እንኳ ሳትደርስ አፍንጫዋን ወደ ጎን መለሰች፣ አየር ላይ ሁለት ጊዜ ተገለባበጠችና ከእኛ በተቃራኒ አቅጣጫ ሄዳ ሣሩ ውስጥ ተሰካች። ፓራሹቱን የሚያስወጣው ባሩድ የፈነዳው መሬት ላይ ከወደቀች በኋላ ነው፤ ፌስታሉም ተኮማትሮ ቀለጠ። ልጄ አላለቀሰችም። የተጨማደደውን ቱቦ አንሥታ «አባዬ፣ ይኸውልህ ተገለበጠች፤ የማይገለበጡት ለምንድን ነው?» አለችኝ። ያንተ ተማሪዎች ፊቴ ላይ የቆሙ መሰለኝ።

መልሱ ሁለት ነጥቦች ላይ ነው። አንዱ የክብደት ማዕከል ነው፦ ሮኬቷን ከነሞተሯ በጣትህ ላይ አግድም ስታስቀምጣት ሳታዘነብል የምትቆምበት ቦታ። ሁለተኛው የግፊት ማዕከል ነው፦ ነፋስ ከጎን ሲመታት ግፊቱ ሁሉ የተሰበሰበበት ያህል የሚቆጠር ቦታ። ሮኬት አየር ላይ የምትዞረው በክብደት ማዕከሏ ዙሪያ ነው። የግፊት ማዕከሏ ከዚያ በስተኋላ ከሆነ ነፋሱ ጅራቷን እየገፋ አፍንጫዋን ወደ መንገዷ ይመልስላታል፤ በስተፊት ከሆነ ግን ትንሿ ዝንባሌ እየባሰች ሄዳ ትገለብጣታለች። በልማድ የክብደት ማዕከሉ ቢያንስ የአካሏን ውፍረት ያህል እንዲቀድም ይመከራል። የእኛዋን ብንለካ የክብደት ማዕከሏ ከአፍንጫዋ ጫፍ 40፣ የግፊት ማዕከሏ ደግሞ 39 ሳንቲ ሜትር ላይ ሆኖ ተገኘ። አንዲት ሳንቲ ሜትር ናት የጣለችን።

ይህን የምናሰላበትን ቀመር በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ለአማተሮች ያበጀው ጄምስ ባሮማን፣ ከቤታችን ብዙም በማይርቀው የናሳ ጎዳርድ ማዕከል ይሠራ የነበረ መሐንዲስ ነው። ማዕከሉ የተሰየመለት ሮበርት ጎዳርድ ራሱ፣ መጋቢት 16 ቀን 1926 እ.ኤ.አ. ማሳቹሴትስ ውስጥ አክስቱ እርሻ ላይ በፈሳሽ ነዳጅ የምትሄደውን የመጀመሪያዋን ሮኬት ሲያስወነጭፍ፣ ሞተሩን ያስቀመጠው ከላይ፣ ታንኮቹን ከታች ነበር። ሞተሩ ከፊት ከጎተታት ቀጥ ብላ ትሄዳለች ብሎ ነው። ሮኬቷ 2.5 ሴኮንድ በርራ፣ 12 ሜትር ያህል ወጥታ ጎመን ማሳ ላይ ወደቀች። ቀጥ አድርጎ የሚያስኬዳት የሞተሩ ከላይ መሆን እንዳልሆነ ኋላ ላይ ተረድቶ ሞተሩን ወደ ታች አወረደው። ይህን ለልጄ ስነግራት ፊቷ በራ፤ ያ ሁሉ ሰው የሚያከብረው ሊቅም እኛ የተደናቀፍንበት ጥያቄ ላይ መቆሙ ደስ አሰኛት።

ያለ ቀመርም መንገድ አለ፣ ላንተ የሚጠቅምህም እርሱ ይመስለኛል። የሮኬቷን የጎን ቅርጽ ካርቶን ላይ ሥለህ ቆርጠህ አውጣና ካርቶኑን የማስመሪያ ጠርዝ ላይ ሚዛን አስጠብቀው፤ ሚዛኑን የጠበቀበት ቦታ ለግፊት ማዕከሉ ጥሩ ግምት ነው። ከቀመሩ ወደ ፊት ስለሚያደላ፣ በዚህ ግምት ካለፍክ ብዙ አትሰጋም። ሁለተኛው ፍተሻ ደግሞ የክብደት ማዕከሉ ላይ ክር አሥረህ፣ 2 ወይም 3 ሜትር ያህል ለቅቀህ፣ ሮኬቷን ከራስህ በላይ ማሽከርከር ነው፤ አፍንጫዋን አስቀድማ ከዞረች ለመብረር ብቁ ናት።

እኛም ክንፎቹን አሰፋናቸው፣ የፎሙን አፍንጫ ውስጡን ቦርቡረን 16 ግራም የልጆች መጫወቻ ሊጥ ሞላነው፣ ቱቦውንም ለወጥነው። የክብደት ማዕከሏ ወደ 35 ሲመጣ የግፊት ማዕከሏ ወደ 42 ወረደ። ከነሞተሯ 102 ግራም ሆነች። ክብደት ጨምረንባት ይበልጥ ጥሩ መብረሯ፣ ልጄ እስካሁን ለሰው ሁሉ የምትነግረው ነገር ነው።

ትናንት ጠዋት ነፋሱ ሳይነሣ፣ ድርቆሹ ታጭዶ ወደተነሣበት አንድ የእርሻ ሜዳ በባለቤቱ ፈቃድ ሄድን። በዘንጉ ዙሪያ የቀረውን ደረቅ ሣር ጠርገን፣ ምጣዱን አኑረን፣ ፓራሹቱን ከባሩዱ ትኩሳት የሚከላከለውን እሳት የማይዘው ወረቀት ጎስጉሰን፣ መዝጊያውን ሰካሁ። ልጄ ከአምስት ወደ ታች ቆጥራ ደወሉን ተጫነች። ለአፍታ ምንም የለም፤ ወዲያው ጨርቅ ሲቀደድ የሚመስል ድምፅ፣ ቀጭን ግራጫ ጭስ፣ ዘንጉም ባዶ። ዓይኔ ሲያገኛት ነጥብ አክላ ቀጥ ብላ ትወጣ ነበር፤ አንዴም አላመነታችም። ነዳጁ ካለቀ በኋላ እንኳ በራሷ ፍጥነት ከዚያ በፊት ከወጣችው የሚበልጥ ወጣች። ከዚያ አፍንጫዋን ወደ ታች መልሳ መውረድ ጀመረች፣ አንድ ሴኮንድ ያህል ትንፋሼ ተቋረጠ፣ «ጧ» የሚል ድምፅ ተሰማና ያ ቢጫ ፌስታል ሰማዩ ላይ ተዘረጋ። 40 ሴኮንድ ገደማ ተንሳፍፋ፣ ከመቶ እርምጃ በላይ ርቃ በደኅና አረፈች። አንድ ክንፏ እንኳ አልተነቀለም።

ከፍታዋን የለካነው በፕሮትራክተርና ጫፉ ላይ ብሎን በታሠረበት ክር ነው። ባለቤቴ ከዘንጉ 100 ሜትር ርቃ ቆማ የመጨረሻውን ከፍታ ስታነጣጥር ክሩ 55 ዲግሪ አሳየ፤ የ55 ታንጀንት 1.43 ስለሆነ ሮኬቷ 143 ሜትር ገደማ ወጥታለች ማለት ነው። ፓራሹቱ ዘግይቶ የወጣው ለክብደቷ 5 ሴኮንድ ስለበዛ ነው፤ ለሚቀጥለው ባለ 3 ሴኮንዱን እንጠቀማለን።

እዚያ ይህን ሞተር እንደማታገኝ አውቃለሁ፣ በባሩድ እንድትሞክርም በፍጹም አልፈልግም። ውሃና አየር ግን አለህ። ባለ 2 ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ሲሶውን ውሃ ትሞላለህ፣ አፉን የካላማዳሪ ቫልቭ ባለፈበት ቡሽ ትገጥማለህ፣ ዘቅዝቀህ ታቆመውና ረዘም ባለ ቱቦ ርቀህ በብስክሌት መንፊያ ትነፋዋለህ። አየሩ ቡሹን ሲያሸንፍ ውሃው ወደ ታች ይፈናጠራል፣ ጠርሙሱ ወደ ላይ። የሃይላንድ ጠርሙስ ግን አትጠቀም፤ ስስ ነው፣ ግፊት አይችልም። ጋዝ ላለው መጠጥ የተሠራው ብቻ ነው የሚሆነው፣ እርሱም ጭረት ካለበት ጣለው። ማንም ፊቱን ከጠርሙሱ በላይ አድርጎ አይንፋ፣ ልጆቹም ይራቁ። ክንፉ፣ ሊጡ፣ የካርቶኑ ሚዛንና የክሩ ፍተሻ ሁሉ እንዳለ ይሠራልሃል። እንዲያውም ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየራችሁ ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ይሳሳል፤ የሚጎትታት አየር በዚያው ልክ ይቀንስላችኋል። ነፋሱ ግን ስለማይምር ማለዳ ሞክሩ፤ ሮኬት ወደ ነፋሱ ፊቷን ታዞራለች።

ዝናሙ አባርቶ ትምህርት ሲከፈት ይደርስልሃል ብዬ፣ ለባለ 2 ሊትሩ ጠርሙስ የሚሆን የክንፍ ቅርጽ ልጄ በትክክለኛው ልክ ሥላ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፋዋለች። ካርቶን ላይ ለጥፈህ አራት ቁረጥ። ስትለኩ ስንት ዲግሪ እንዳነበባችሁና ከስንት ሜትር ርቀት እንደቆማችሁ ጻፍልኝ፤ ከእኛው ቁጥር ጎን የምትጽፍበት ባዶ መስመር ደብተሯ ላይ ከትናንት ጀምሮ አስምራለች።

ባለቤትህንና ልጆችህን ሳምልኝ።

ናፋቂ ወንድምህ