ዴልታን በበረሃው አደጋ አትመዝኑት

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ባወጣችሁት የልዩ ኃይል ጦሮች ደረጃ የእንግሊዙን ኤስኤኤስ አንደኛ አድርጋችሁ የአሜሪካውን ዴልታ ፎርስ ወደ ኋላ መግፋታችሁ ከነከነኝ። የሁለቱም ስም የገነነው እ.ኤ.አ. በ1980፣ ሁለት ሳምንት ባልሞላ ልዩነት ነው። ኤስኤኤስ ለንደን ያለውን፣ ታጣቂዎች የያዙትን የኢራን ኤምባሲ በ17 ደቂቃ ሲያስለቅቅ ሰው ሁሉ በቴሌቪዥን በቀጥታ አየ። ጥቁር የለበሱት ወታደሮች በሰገነቱ ሲገቡ ማን ይረሳል?

ዴልታ ግን ቴህራን የታገቱትን አሜሪካውያን ለማስለቀቅ ተልኮ ከተማዋ እንኳ አልደረሰም፤ በኢራን በረሃ ላይ ቀረ። ከ8ቱ ሄሊኮፕተሮች ለግዳጁ ብቁ ሆነው የቀሩት 5 ብቻ ነበሩ፤ ግዳጁ ተሰረዘ። ሊመለሱ ሲሉ አንዱ ሄሊኮፕተር ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ 8 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ አንድም የዴልታ አባል አልነበረም። የዴልታ ሰዎች ተሳፋሪዎች ነበሩ እንጂ አብራሪዎች አልነበሩም። ደረጃ ስታወጡ እባካችሁ ይህንንም ጻፉልን።

የዘወትር አንባቢያችሁ