ብልጭ ሲያደርግልሽ አትቸኩይ

ልጄ፣ መንጃ ፈቃድሽን ያመጣሽ ቀን ልነግርሽ የፈለግኩት ነገር ነበር። ቤቱ በእልልታ ሲናጋ ማን ይሰማኛል ብዬ ተውኩት። ስለዚህ ልጻፈው።

ማሰልጠኛ ውስጥ ምልክቱን ሁሉ ሸምድደሻል። ሦስት ማዕዘኑን፣ ክቡን፣ የተሰባበረውን መስመር። መሀል አዲስ አበባ ግን ሾፌር ከሾፌር የሚያወራው በፊት መብራት ነው፣ ይህንን ደግሞ የሚያስተምር የለም።

ቸርችልን ቁልቁል መጥተሽ ወደ ግራ ልትታጠፊ ቆመሻል እንበል። ከፊት የሚመጣው ቪትዝ ሁለቴ ብልጭ አደረገ። «እለፊ» ማለቱ ነው? ወይስ «እየመጣሁ ነው፣ እንዳትነቃነቂ»? ጨዋውም የቸኮለውም የሚስቡት ያችኑ ከመሪው ሥር ያለችውን ዘንግ ነው። የእንግሊዞች የመንገድ ደንብ መጽሐፍ መብራት ብልጭ የሚደረገው «እዚህ አለሁ» ለማለት ብቻ ነው ይላል፤ ሌላው ብልጭ ስላደረገልህ ፈቀደልኝ ብለህ እንዳትገባ ብሎም ያስጠነቅቃል። እኔም እዚህ ላይ ከእነሱ ጋር ነኝ።

መብራቱን ተይውና አፍንጫውን እዪ። ፍሬን የያዘ መኪና ከፊቱ ዝቅ ይላል። ትንሽ ናት፣ ግን ዓይንሽ ከለመደ ታያታለሽ። ዝቅ ካላለ ሰውየው እየመጣ ነው፣ የፈለገውን ያህል ያብለጭልጭ። ደግሞ ልብ በይ፣ ቢፈቅድልሽም የፈቀደልሽ የራሱን መስመር ብቻ ነው። በጎኑ ያለው ሚኒባስ ጓደኛው ለምን እንደቆመ አያውቅም፤ «ምን ይገትረዋል!» ብሎ ሽው ይላል። እኛ የታክሲ ሾፌሮች እንዲህ ነን፣ ምን ልዋሽሽ።

ማታ ሲሆን ሌላ ነው። ከፊትሽ የሚመጣው ብልጭ ካደረገብሽ ረጅም መብራትሽን ረስተሽዋል ማለት ነው፣ ቶሎ ዝቅ አድርጊው። እልህ ተጋብተሽ አንቺም መልሰሽ እንዳታበሪበት፤ ሁለት የማያዩ ሾፌሮች ፊት ለፊት ሲመጡ ምን እንደሚሆን አልነግርሽም።

ከከተማ ወጣ ስትይ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ብልጭ የሚያደርግልሽ አለ። ትራፊክ ፖሊስ ከፊት አለ ማለቱ ነው። ደስ የሚል መተሳሰብ ነው፣ አልክድም፤ ግን ለማን ነው የምታሳውቂው? ያስጠነቀቅሽው ሰው ጠጥቶ የሚነዳም ሊሆን ይችላል። እኔ ትቼዋለሁ።

አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ ፒያሳ መሀል መንገድ ላይ ቆሞ ማኪያቶ የሚያዘው ሰው ነገርማ አይወራ። መብራቱ ሲበራ መንገዱ የሱ ርስት የሆነ ይመስለዋል።

እናትሽ ግን በዚህ ነገር አዋቂ ናት። ስልክ ሳይረክስ በፊት በሚስድ ኮል ነበር የምንግባባው። አንዴ ጠርቶ ከተቋረጠ «ደረስኩ» ነው። ሁለቴ ከሆነ «ካርድ የለኝም፣ ደውልልኝ»። ሳይቋረጥ ከጠራ ምን ቢፈጠር ነው ብዬ መኪናውን ጥግ አስይዤ አነሳለሁ። ሳንቲም ሳናወጣ ስንት ነገር እናወራ ነበር! ግን እሷና እኔ ቁጭ ብለን ተነጋግረን የተስማማንበት ነው። አንቺ ከዚያ ቪትዝ ጋር መች ተነጋገርሽ?

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከመንዳት ጋር ባይገናኝም። መስከረም 16 ማታ መስቀል አደባባይ ደመራ ስትሄጂ የስልክሽን ፍላሽ አጥፊው። የስልክ ፍላሽ ከጥቂት ሜትር አያልፍም። ከፊትሽ የቆመችውን ሴትዮ ነጠላ ወተት አስመስሎ ያነጣዋል እንጂ ደመራው ጋ አይደርስም። ባለፈው ያሳየሽኝ ፎቶ ለዚህ ነው ነጠላ በነጠላ የሆነው። ደመራው ራሱ እየነደደ አይደል እንዴ፣ ከዚያ በላይ ምን ብርሃን ትፈልጊያለሽ?

ወደ ጉዳያችን። እሑድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል እንወጣለን። ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር፣ ከዚያ ተመልሰን ሽቅብ። አንቺ ትነጂያለሽ፣ እኔ እንደ ረዳት አጠገብሽ እቀመጣለሁ፤ እንዳልጮህብሽ ለእናትሽ ቃል ገብቻለሁ። ማንም ብልጭ ቢያደርግልሽ ከመንቀሳቀስሽ በፊት መኪናው ምን እያደረገ እንደሆነ ጮክ ብለሽ ትነግሪኛለሽ። ያሳለፈሽን ደግሞ እጅሽን አንስተሽ አመስግኚው። ነዳጁ በኔ፣ ቁርሱ በአንቺ።