አፍረን አይደለም፤ በሩ ተዘግቶብን ነው

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ሴሚስተር መጨረሻ ፈተናና ስለ ተማሪዎች ጭንቀት ያወጣችሁትን ዘገባ ከሥራ ወጥቼ ወደ ክፍል ስሄድ መንገድ ላይ አነበብኩት። ርዕሱን ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር። ተማሪዎች ወደ ምክር አገልግሎት የማይሄዱት «ስለሚያፍሩ ነው» የምትለዋ አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን ደሜ ፈላ። ከሥሯ ደግሞ አገልግሎቱ ለሁሉም ተማሪ በነፃ ክፍት ነው ብላችሁ ጨመራችሁበት። በቁስል ላይ እንጨት ማለት ይሄ ነው።

እኔ የማታ ተማሪ ነኝ። ቀን እሠራለሁ፣ ልጆች አሉኝ፣ ክፍል የምገባው ሌላው ወደ ቤቱ ሲመለስ ነው። ዘጋቢያችሁ የኮሌጃችን የምክር አገልግሎት ቢሮ በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ቢያነብ ኖሮ ያንን ነገር ለመጻፍ እጁ እሺ አይለውም ነበር። ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 11፡30 ይላል። የእኛ ክፍል የሚጀምረው 12 ሰዓት ነው።

ባለፈው ሴሚስተር ፋይናል ሲቃረብ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያነበብኩት ገጽ ደብተሩን ስከድነው ይጠፋል፤ ልቤ ያለ ምክንያት ይመታል። እርዳታ እንደሚያስፈልገኝ ገባኝ፤ ሄድኩም። በሩ ተቆልፏል። ጥበቃው ደግ ሰው ናቸው፣ «ነገ ጠዋት ነይ ልጄ» አሉኝ። ነገ ጠዋት ሥራ ላይ ነኝ። በምሳ ሰዓቴ ስደውል እነሱም ምሳ ወጥተዋል። ኢሜይል ጻፍኩ፤ መልሱ የመጣው ፈተናው ካለቀ በኋላ ነው፤ ያውም በሥራ ሰዓት በአካል ቀርቤ ቀጠሮ እንድይዝ የሚነግር ነበር። ይህ ሁሉ ማፈር ከሆነ፣ ያላፈረ ሰው ምን ያደርጋል?

የክፍል ጓደኛዬ የደረሰባት ከእኔ ይብሳል። የፈተናውን ወረቀት እንደተቀበለች እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ መታወቂያ ቁጥሯን ጽፋ ሳትጨርስ እስክሪብቶዋን ዴስኩ ላይ ትታ ወጣች። ስጨርስ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት፤ ሹራቧን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። ሜክአፕ (ያመለጣትን የሚተካ) ፈተና ለመጠየቅ ከአማካሪ ደብዳቤ አምጪ ተባለች። ደብዳቤውን የሚጽፈው ያው ማታ የሚዘጋው ቢሮ ነው። አለቃዋ ፈቃድ እስኪሰጣት ቀኑ አለፈና በኤፍ ቀረች። የእናንተን ዘገባ ብታነብ ጥፋቱ የራሷ ሀፍረት እንደሆነ ትማራለች።

ሀፍረት የለም አልልም። ጭንቀታቸውን ለቤተሰብ እንኳ የማይናገሩ ልጆች አውቃለሁ። ነገር ግን ዘጋቢያችሁ ቢሮው የመጡትን ጠይቆ ያልመጡት ለምን እንዳልመጡ ደመደመ። የቀሩት በሀፍረት ይሁን በሰዓቱ የሚታወቀው በሩ ሊመጡ በሚችሉበት ሰዓት ሲከፈት ነው። ያን ጊዜም ካልመጡ ስለ ሀፍረት እንነጋገር። ያነጋገራቸው ተማሪዎች ሁሉ ቀን የሚማሩ ናቸው፤ ከእኛ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀም። ማታ ግቢው ውስጥ መብራት እንደሚበራ የሚነግረው ሰው አጥቶ ነው?

ምክሮቻችሁም እንደዚያው ናቸው። «ጥናታችሁን በየቀኑ ከፋፍሉ» ትላላችሁ። እውነት ነው፤ በአንድ ሌሊት ከመሸምደድ ቀናት እየለዩ መደጋገም እንደሚሻል ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 አሳይቷል። «በቂ እንቅልፍ ተኙ» ማለታችሁም ትክክል ነው፤ ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት እንደሚያስፈልግ የዘርፉ ሐኪሞች ይመክራሉ። ግን ስለ እንቅልፍ ካነሳችሁ አይቀር ይህንንም ጻፉ፦ እ.ኤ.አ. በ1997 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚስተካከል አሳይቷል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስታ ልጆቿን አብልታ ሥራ የዋለች እናት ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ 17 ሰዓት ሞልቷታል። ሬጅስትራር ደግሞ ለእኛ ሁለት ፋይናል በአንድ ምሽት ይደራርባል፤ የሁለተኛውን ወረቀት የምንመልሰው ልክ በዚያ ሰዓት ነው። እንዲህ ያለች ሴት «ጊዜሽን በአግባቡ ተጠቀሚ» ስትባል ምን ይሰማታል? እኔን ተሰምቶኛል፤ ስድብ ነው።

የምንጠይቀው ቤተ መንግሥት አይደለም። በፈተና ሳምንታት አማካሪው ጥቂት ምሽቶች ይቆይ፣ ወይም ማታ በስልክ ይገኝ። የሚቆይበት ሰዓት ከጠዋቱ ተቀንሶ ይካካስለት፤ እሱም ሰው ነው፣ ይደክመዋል። ሁለት ፋይናል በአንድ ምሽት አይደራረብ። የሜክአፕ ማመልከቻ ማታ የሚቀበል ሰው ይኑር፤ ፈተናውን የሚቆጣጠረው መምህር ያየውን ጽፎ ቢፈርም በቂ ማስረጃ ነው። ለዚህ ሁሉ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፣ አዲስ በጀትም ብዙ አያስፈልግም።

ከእናንተ ደግሞ እርማት እንፈልጋለን፤ «ስለሚያፍሩ ነው» የሚለው በወጣበት ገጽ ላይ፣ በዚያው መጠን ፊደል ይታረም። ዘጋቢያችሁም ፋይናል ሳይጀመር ከ12 ሰዓት በኋላ ይምጣና እዚያ በር ፊት ለፊት ያነጋግረን። የክፍላችን ሰዎች ስማቸውን ሰጥተው ሊናገሩ ተስማምተዋል።

የማታ ተማሪና የልጆች እናት