ለልጄ፦ ኦርኬስትራው እንዴት እንደተሰባሰበ

ውድ ልጄ፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ከየት እንደመጣና ተጫዋቾቹ ለምን በየክፍላቸው ተለይተው እንደሚቀመጡ በደብዳቤሽ ጠይቀሽኛል። ጥያቄሽ ደስ ስላሰኘኝ እንዲሁ በአጭሩ ላልፈው አልፈለግሁም።

ኦርኬስትራ አንድ ሰው አቅዶ ያቋቋመው ሳይሆን፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በፈጀ ጊዜ ውስጥ አዲስ ድምፅ ባስፈለገ ቁጥር መሣሪያ እየተጨመረበት ያደገ ነው። በቀደመው ዘመን የአውሮፓ የሙዚቃ ደራሲያን የትኛው ዜማ በየትኛው መሣሪያ እንደሚጫወት አብዛኛውን ጊዜ አይጽፉም ነበር፤ ያለው ተጫዋች በያዘው መሣሪያ ይጫወተዋል። ጣሊያናዊው ክላውዲዮ ሞንቴቨርዲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1607 በማንቱዋ ለመድረክ ባበቃው «ኦርፌዮ» በተሰኘ ኦፔራው የሚፈልጋቸውን መሣሪያዎች በስም መዘርዘሩ ትልቅ እርምጃ የሆነውም ለዚህ ነው። በፈረንሳይ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ደግሞ 24 የቫዮሊን ቤተሰብ ተጫዋቾች በአንድነት መጫወታቸው፣ ዛሬም ኦርኬስትራው የቆመበትን የክር ክፍል መሠረት ጣለ።

ይህ ክፍል በሁለት ቡድን ተለይተው የየራሳቸውን ዜማ የሚጫወቱት አንደኛና ሁለተኛ ቫዮሊን፣ እንዲሁም በመጠን እየተለቁ የሚሄዱት ቪዮላ፣ ቼሎና ኮንትራባስ የሚገኙበት ሲሆን ከተጫዋቾቹ ከግማሽ በላይ ይይዛል። የአንድ ቫዮሊን ድምፅ ከጥሩምባ ጎን ሲቆም ስለሚዋጥ ብዙዎች አንዱን ዜማ አብረው ይጫወታሉ፤ ከፊት የሚቀመጡትም ስለዚሁ ነው። አድማጭ ጆሮውን ለአንደኛ ቫዮሊኖች ብቻ ይሰጣል፤ እኔ ግን የኦርኬስትራው ሙላት ያለው ማንም በማያስተውላቸው በሁለተኛ ቫዮሊኖችና በቪዮላዎች ዘንድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከክሮቹ ኋላ ፍሉት፣ ኦቦ፣ ክላርኔትና ባሱን ይቀመጣሉ። ፍሉት ዛሬ በአብዛኛው ከብረት ቢሠራም፣ ቀድሞ ከእንጨት ይሠራ ስለነበር ከእንጨት ትንፋሽ መሣሪያዎች ጋር ይቆጠራል። እዚህ እያንዳንዱ ተጫዋች የየራሱ ዜማ ስላለው ቢሳሳት የሚሸፍንለት የለም። ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት ኦቦው አንድ ረጅም ድምፅ ሲሰጥና ሌሎቹ ሁሉ በእርሱ ሲቃኙ ትሰሚያለሽ፤ ይህ «ላ» የሚባለው ድምፅ ሲሆን በተለመደው መለኪያ በሰከንድ 440 ጊዜ ይርገበገባል።

የነሐስ ትንፋሽ መሣሪያዎች ታሪክ ከሁሉ ይበልጥ ይማርከኛል። ሆርንና ትራምፔት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጀርመን ቫልቭ (በጣት ሲጫኑት አየሩ የሚያልፍበትን ቧንቧ ርዝመት የሚለውጥ ቁልፍ) እስኪሠራላቸው ድረስ፣ ተጫዋቹ በከንፈሩ ከቧንቧው ሊያወጣቸው በሚችላቸው ጥቂት ድምፆች ተወስነው ኖረዋል። ቱባ የመጣው ከዚያም በኋላ፣ በ1835 በበርሊን ነው። ትሮምቦን ግን በሚሳበውና በሚገፋው ቧንቧው ሁሉንም ድምፅ ማውጣት ቢችልም፣ ለረጅም ጊዜ ከቤተ ክርስቲያንና ከኦፔራ እምብዛም አልወጣም ነበር። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ቤትሆቨን በ1808 በቪየና ለሕዝብ ባሰማው አምስተኛ ሲምፎኒው፣ በአራት ተከታታይ ክፍሎች በተደረሰ ረጅም የኦርኬስትራ ሙዚቃ፣ ሦስት ትሮምቦኖችን አስገባ፤ ተጫዋቾቹ የሙዚቃውን የመጀመሪያ ሦስት ክፍሎች ሙሉ አንዲት ድምፅ ሳያሰሙ ተቀምጠው ይቆዩና፣ አራተኛው ክፍል ሲከፈት ከኦርኬስትራው ጋር በአንድነት መጫወት ይጀምራሉ።

ከሁሉ ኋላ የምት መሣሪያዎች አሉ፤ ቀዳሚው ቲምፓኒ ሲሆን፣ ምንጩ ከምሥራቅ ወደ አውሮፓ የገባው በፈረስ ላይ የሚመታ ነጋሪት ነው። ተጫዋቹ የቆዳውን ውጥረት እየለወጠ ድምፁን ስለሚቃኝ፣ ቲምፓኒ ምት ብቻ ሳይሆን ዜማም ይጠብቃል።

አምስተኛውን ሲምፎኒ ፈልገሽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳታቋርጪ ስሚው። ከሦስተኛው ክፍል ወደ አራተኛው ሲሸጋገር እረፍት የለውምና፣ ክሮቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በያዙበት ስፍራ ቲምፓኒውን ተከታተዪ። ከዚያ የትኛው የኦርኬስትራው ክፍል ይበልጥ እንደማረከሽ ጻፊልኝ።

የምትወድሽ እናትሽ